የመኪና ጥላ ወይስ ዝግ ጋራዥ? አዳማ ላይ ግቢያችሁን ከመቆፈራችሁ በፊት

አዳማ ውስጥ ዝግ ጋራዥ ያለው ግቢ ስትገቡ ልብ ብላችሁ እዩ። መኪናው ብዙ ጊዜ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ነው የቆመው። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። የጤፍ ጆንያ፣ እግሩ የተሰበረ ሶፋ፣ የድግስ ድስት፣ የልጆች ብስክሌት፣ ከግንባታ የተረፈ ሴራሚክ። ብሎኬትና ላሜራ የፈጀው ክፍል መጋዘን ሆኗል፤ ብዙ ብር የወጣባት መኪና ደግሞ ቀለሟ እየነጣ ነው።

ባለቤቶቹ ዝርክርክ ስለሆኑ አይደለም። ከመጀመሪያውም ግድግዳ የሚፈልገው ዕቃው ነበር። መኪና የሚፈልገው ጥላ ነው። ይህ ከተለየ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የብሎኬትም የቆርቆሮም ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ እዚህ ብር አልጠራም። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን ብዙም አይለዋወጥም።

መጀመሪያ ሜትር አውጡ

“አንድ መኪና አይደል? 3 በ5 ይበቃዎታል ጋሼ” የሚል ግንበኛ ሞልቷል። ለቪትዝ እውነቱን ነው፤ ቪትዝ 4 ሜትር አትሞላም። ኮሮላ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ናት። አሁን በየመንገዱ የምናያት የቮልስዋገን አይዲ 6 ግን ርዝመቷ 4.88 ሜትር ነው፤ ወርዷ ስፖኪዮው ሳይቆጠር 1.85። ሃይሉክስ ፒካፕ 5.3 ሜትር ይደርሳል፤ 5 ሜትር ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት የማይታሰብ ነው። ባጃጅ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። 2.6 በ1.3 ሜትር ናት፤ የትም ጥግ ትገባለች።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ይህን አድርጉ። መኪናዋን ልትሠሩበት ባሰባችሁት ቦታ አቁሙ። አራቱንም በር ክፈቱ፤ የኋላውንም አንሱ። ከዚያ ኖራ ወይም አመድ ይዛችሁ በተከፈቱት በሮች ጫፍ ዙሪያውን አስምሩ። መኪናዋን አውጡና መሬት ላይ የቀረውን ቅርጽ እዩት። አብዛኛው ሰው ያን ጊዜ ነው የሚደነግጠው። እናታችሁን ከኋላ ወንበር ደግፋችሁ ስታወርዱ የምትቆሙበት ቦታም በዚያ መስመር ላይ ይጨመር። ለአንድ መኪና 3.5 በ6፣ ለሁለት 6 በ6 የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፊት ለፊት የሥራ ጠረጴዛ ይኑር ካላችሁ የጠረጴዛው 60 ሴንቲ እና የሰው መቆሚያ 1 ሜትር ይታከላል፤ ርዝመቱ 7.5 ገደማ ይሆናል።

የግቢውን በርም አትርሱ። የሰፈሩ መንገድ ጠባብ ከሆነ መኪናው በአንድ ጊዜ ታጥፎ ስለማይገባ በሩ መስፋት አለበት። 3 ሜትር በር ለጠባብ መንገድ በየቀኑ ኋላ ማርሽ ነው።

ሸራ፣ መረብ እና ክፍት ዳስ

ከሁሉ የሚረክሰው አራት ምሰሶ ላይ ሸራ መወጠር ነው። አዳማ ላይ አልመክርም። ከተማዋ ዳር ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም፤ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ያንን ሁሉ የሚያሽከረክር ነፋስ የእናንተን ሸራ አይምርም። በተለይ ከጥቅምት በኋላ በበጋው ሸራው እንደ መርከብ ሸራ ይነፋና ምሰሶውን ይዞ ለመሄድ ይታገላል። ተከራይ ከሆናችሁና ቋሚ ነገር መሥራት ካልፈለጋችሁ አረንጓዴውን የጥላ መረብ ውሰዱ። ነፋሱ በቀዳዳው ስለሚያልፍ ብዙ አይጎተትም፤ ስትለቁም ጠቅልላችሁ ትወስዱታላችሁ። ዝናብ ግን አያቆምም።

ከዚያ ከፍ የሚለው በአርኤችኤስ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍት ዳስ ነው። ለመኪናው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ዙሪያው ክፍት ስለሆነ ሙቀት አይታመቅም፤ የአዳማ ቀትር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞተር ጭስ ይወጣል። በር ስለሌለው በርም አይበላሽም።

ዳስ ስታሠሩ ሦስት ቦታ ላይ አትሰስቱ። አንደኛው የምሰሶው መሠረት ነው። ሰው የሚያስበው ጣሪያው እንዳይወድቅ ነው፤ ነፋስ ባለበት ከተማ ዋናው ሥጋት ጣሪያው ተነቅሎ ወደ ላይ መሄዱ ነው። ስለዚህ ምሰሶው መሬት ውስጥ ከባድ ኮንክሪት መያዝ አለበት። ሁለተኛው ማሰሪያው ነው፤ ቆርቆሮው ብረቱ ላይ ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ ጄ ቦልት ወይም ጎማ ባለው ብሎን ይታሰር። ሦስተኛው የቆርቆሮው ውፍረት ነው። ጌጁ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ሱቅ ውስጥ “ትልቁን ቁጥር ስጠኝ” ብሎ ስሱን ገዝቶ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

አቅጣጫም አለ። መኪናውን የሚያቃጥለው የምዕራቡ ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ ከጣሪያው ሥር ይገባል። በምዕራብ በኩል ጣሪያውን ዝቅ አድርጉት፣ ወይም በዚያ ጎን ብቻ መረብ ወይም ሐረግ ይውረድ። ሌላው ጎን ክፍት ይሁን።

የጣሪያው ተዳፋት ወደ ራሳችሁ ግቢ ይሁን። ውኃውን ጎረቤት ላይ ማፍሰስ የቀበሌ ክስ ያመጣል። ደግሞስ ለምን ትሰጡታላችሁ? 3.5 በ6 ጣሪያ 21 ካሬ ነው። 10 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን ከዚያ 210 ሊትር ይወርዳል፤ አንድ በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። ውኃ ለጠፋበት ሳምንት ልብስ ማጠቢያ ነው። ሮቶውን ግን ዳሱ ላይ እንዳትሰቅሉት። 1000 ሊትር ውኃ 1 ቶን ይመዝናል፤ ለመኪና ጥላ የተሠራ ብረት ይህን ሊሸከም አልተሠራም።

ሙሉ ዝግ ጋራዥ መቼ ያዋጣል?

ያዋጣል የምለው ሦስት ዓይነት ሰው አለ። መኪናውን አቁሞ ለወራት የሚሄድ፤ ግቢው አጥር የሌለው ወይም አጥሩ የይስሙላ የሆነ፤ ውድ የሥራ መሣሪያ ከመኪናው ጋር የሚያሳድር። ስፖኪዮና ጎማ እንዳይሰረቅ ብቻ ከሆነ ግን የታጠረ ግቢ፣ ጥሩ መብራትና ውሻ ሥራውን ይሠሩታል።

የአዳማ ዝግ ጋራዥ ትልቁ ችግሩ ሙቀት ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ብሎኬት፣ ከፊት ጥቁር የተቀባ ላሜራ በር። ቀትር ላይ በሩን ስትከፍቱ ፊታችሁን ይመታችኋል። ካሠራችሁ ከታች ወለሉ አጠገብ፣ ከላይም ጣሪያው ሥር አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይተው። ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ የሞቀው ከላይ ይወጣል። ክፍት የቀረው ሁሉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ አለበለዚያ አይጥና ርግብ ይወርሱታል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ “ይሙቅ” ማለት፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር እዚያ ማስነሳት፣ ከሰል ማያያዝ፣ ሦስቱም ሰው ይገድላሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጋራዡ ከመኝታ ቤት ጋር በበር የሚገናኝ ከሆነ ይህ በእጥፍ ይብሳል። የሚያገናኘው በር ባይኖር ይሻላል።

በሩን በተመለከተ፣ ባለ ሁለት ተከፋቹ ረካሽና በየብረታ ብረት ቤቱ የሚጠገን ነው፤ ግን ነፋስ ሲይዘው ማጠፊያውን ይገነጥላል፤ ክፍት ሲሆን የሚይዘው መቀርቀሪያ መሬት ላይ ይተከልለት። ተንሸራታቹ ነፋስ አይፈራም፤ ከጎኑ የበሩን ያህል ባዶ ግድግዳ ይፈልጋል። ወደ ላይ የሚጠቀለለው ቦታ አይወስድም፤ የአዳማ አቧራ ግን ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ያስጮኸዋል።

ጂ ፕላስ 1 እየሠራችሁ መኪናውን ከሥር ልታስገቡ ካሰባችሁ ጉዳዩ የጋራዥ ሳይሆን የኮለን ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን እንዲገባ በኮለኖቹ መካከል 5.5 ሜትር ያህል ንጹሕ ክፍተት ያስፈልጋል። ይህ ፌሮ ከመታሰሩ በፊት ከመሐንዲሱ ጋር የሚያልቅ ነገር ነው። ኮለን አይነቀልም።

ድብልቁ

እኔ ብመርጥ ድብልቁን ነው። መኪናው በክፍት ዳስ ሥር ይቆማል። ከዳሱ ኋላ በብሎኬት የተሠራች 3.5 በ2.5 ዕቃ ቤት ትኖራለች። የሥራ ጠረጴዛው በሁለቱ መካከል፣ የዕቃ ቤቷን ግድግዳ ተደግፎ፣ በዳሱ ጥላ ውስጥ ይሆናል።

ሒሳቡን እዩት። አንድ ካሬ ግድግዳ 12.5 ብሎኬት ይወስዳል፤ ብሎኬቱ 40 በ20 ሴንቲ ነውና። ዕቃ ቤቷ በ2.8 ሜትር ቁመት፣ በሯ ተቀንሶ፣ 400 ብሎኬት አትሞላም። ያንኑ ሁሉ፣ ጠረጴዛውንም ጨምሮ፣ በአንድ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ላድርገው ካላችሁ 3.5 በ10 ሊሆን ነው፤ መካከሉ ላይ ግድግዳ ሲጨመር ብሎኬቱ ከ900 ያልፋል። ትልቁ የብረት በር ገና አልተቆጠረም።

“የአጥሩን ግንብ እንደ አንድ ጎን ልጠቀምበት” የሚል ሐሳብ ይመጣላችኋል። ለመከለያ ይሁን። ጣሪያ ግን አታሸክሙት። ብዙ አጥር የተሠራው ራሱን እንዲችል ብቻ ነው፤ ጣሪያው በራሱ ምሰሶ ይቁም። ማንኛውንም ቋሚ ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ተሠርቶ ከሚፈርስ ቀድሞ መጉላላት ይሻላል።

ዕቃ ቤቱ

ብዙ ሰው የማያስብበት፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማጠፋበት ይህ ነው።

ቤንዚንና እህል አንድ ክፍል አይግቡ። የሞተር ዘይት፣ ቀለም፣ ቤንዚን ያለበት ጀሪካን አጠገብ የከረመ ጤፍ ሽታውን ይይዛል፤ እንጀራው ይናገራል። ክፍሏ አንድ ብቻ ከሆነች እህሉ ውስጥ ይሁን፤ ዘይትና ቀለሙ ውጭ፣ ጠረጴዛው ሥር በሚቆለፍ የላሜራ ሳጥን ይቀመጥ። ቤንዚን በጀሪካን ማከማቸቱ ቢቀር ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ጆንያ ወለል ላይ አይቀመጥም። ከወለሉ የአንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሥሩ፤ ከግድግዳውም አርቁት። ሥሩና ጀርባው ሲታይ አይጥ ጎጆ አይሠራም፤ መጥረጊያም ይገባል። የበሩ ሥር ክፍተት ጣት የሚያስገባ ከሆነ አይጥም ይገባል፤ ላሜራ ቁራጭ ይመታበት።

ጤፍ ከነቀዝ በኩል ብዙ አያሳስብም፤ ቅንጣቷ ትንሽ ስለሆነች ነቀዝ አይመቸውም። ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ ናቸው የሚበሉት። ለእነሱ አየር የማያስገባውን፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለውን ፒክስ ከረጢት ተጠቀሙ። በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አይፈልግም። በየገበያው የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው ከሚያድርበት ቤት ጋር በተያያዘ ክፍል ውስጥ እንዳታደርጉ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ በበር ሥርና በኮርኒስ በኩል አልፎ የተኛ ሰው ይገድላል።

ለቀረው ዕቃ ደርዙ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ የምትነኩት በወገብ ቁመት፤ በዓመት አንዴ የሚወርደው፣ የድግስ ድስትና ድንኳን፣ ከላይኛው መደርደሪያ። ሦስት ዓመት ያልተነካው ሶፋ? እሱን ቆራሌው ይውሰደው።

ጠረጴዛው

ሞርሳ የሚታሰርበት፣ 90 ሴንቲ ቁመት ያለው፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ለቤት ሥራ ይበቃል። ትራፓኖ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ በቀለም ከተሳለ የጎደለው ወዲያው ይታያል። ብየዳ የምትሠሩ ከሆነ ከመኪናውና ከእህሉ የራቀ ቦታ ፈልጉ። ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ ባልተቤት ወይም እህት ካለች ደግሞ ጠረጴዛዋ ከዘይት ቅየራው ጋር በምንም መንገድ አይገናኝም። ዕቃ ቤቷ ለእሷ ትሁን፤ የጋራዡ ዕቃ ውጭ ይውጣ። ገንዘብ የሚያመጣው ሥራ ይቅደም።

ቡካ የሚሉትን፣ ከመኪና ሥር የሚገቡበትን ጉድጓድ ካላስቆፈርኩ የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ለቤት አያስፈልግም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከዙሪያው ኮረብታ ጎርፍ የሚወርድበት ሰፈር ውስጥ ደግሞ በክረምት ኩሬ ይሆናል። ጠንካራ ክሪክና ሁለት የብረት መቆሚያ ግዙ፤ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ቻርጅ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚቀጥለው መኪናችሁ ኤሌክትሪክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዛሬ ያሪስ ብትነዱም ቦታውን ለቻርጅ አዘጋጁት።

ምርጫው ሁለት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 32 አምፔር ነው፤ 7 ኪሎ ዋት። የትኛው ይበቃል? የምትነዱትን ቁጠሩ። ኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል እንበል። አዳማ ውስጥ ብቻ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሽከረከር ሰው ትንሹን ሰክቶ ከ4 ሰዓት በታች ይጨርሳል። በየቀኑ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ 30 እስከ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። በትንሹ ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊቱ አይበቃውም። በትልቁ ከ6 ሰዓት አያልፍም።

ትልቁን የመረጠ ሰው ምጣዱን ያስብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል። መኪናው ሲሞላ እንጀራ ከተጋገረ ድምሩ ከ10 ኪሎ ዋት ያልፋል፤ በአንድ ፌዝ ወደ 48 አምፔር ነው። ቆጣሪያችሁ ይህን ይችል እንደሆነ መብራት ኃይል ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ቻርጀሩን አትግዙ። ካልቻለ ወይ ስሪ ፌዝ፣ ባለ ሦስት መስመሩ፣ ይገባል፣ ወይ መኪናው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሞላል።

የትኛውም ቢሆን መስመሩ ከቆጣሪው ሰሌዳ ለብቻው ይምጣ፤ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ አርዝ ይኑረው። ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይዘርጋ። ለ10 አምፔሩ 2.5 ካሬ ይበቃል። ሳሎን ካለው ሶኬት በኤክስቴንሽን ጎትቶ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ቤት ማቃጠያ ነው።

ወለሉ

ለዳሱ ኮብልስቶን እመርጣለሁ። ዘይት ቢንጠባጠብ አያስጠላም፤ ቢሰምጥም ድንጋዩ ተነሥቶ ይስተካከላል። ለዕቃ ቤቷ ሬድ አሽ ተጠቅጥቆ በላዩ ኮንክሪት፣ ከዚያ ሊሾ። ሊሾን መኪና ሥር አታድርጉት፤ ዘይት ሲነካው ያንሸራትታል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። የዕቃ ቤቷ ወለል ከግቢው ቢያንስ 15 ሴንቲ ከፍ ይበል፤ ጎርፉ ጆንያ ጋ እንዳይደርስ። የመኪናው ወለል ወደ ግቢው በር አቅጣጫ በ6 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 12 ሴንቲ ያዘቅዝቅ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ ዕቃ ቤቷና ወለሉ ይቅደሙ፤ ዳሱ በሚቀጥለው ዓመት ቢመጣም ምሰሶዎቹ የሚቆሙበት ኮንክሪት አሁን ይሞላ። ኮብልስቶኑ ከመነጠፉ በፊት ከቆጣሪው እስከ ጠረጴዛው ግድግዳ ድረስ ሁለት ባዶ ፒቪሲ ቱቦ ቅበሩ፤ አንዱ ለቻርጀሩ፣ አንዱ ለመብራትና ለሶኬት። ውስጣቸው ሲባጎ አሳልፋችሁ ጫፋቸውን ድፈኑ፤ ሽቦው በሚመጣበት ቀን በሲባጎው ይጎተታል።